ካቢኔው ስብሰባ ላይ ነው

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። መታወቂያ ላሳድስ ወረዳ ስሄድ «ካቢኔው ስብሰባ ላይ ነው፣ ከሰዓት ና» ይሉኛል፣ ማታ ቲቪ ስከፍት ደሞ ካቢኔው ረቂቅ አዋጅ ለፓርላማ መራ ይባላል። ኧረ ይሄ ካቢኔ የሚባለው ስንት ነው?

መልስ፦ ወንድማችን ግራ ብትጋባ አይፈረድብህም፣ ስሙ አንድ ነው ሰዎቹ ግን ሌላ። ቲቪ ላይ ያየኸው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክትላቸውና ሚኒስትሮቹ ያሉበት፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 72 ከፍተኛው የፌዴራል አስፈጻሚ ሥልጣን ለጠቅላይ ሚኒስትሩና ለዚህ ምክር ቤት ነው የተሰጠው። ዕጩ ሚኒስትሮቹን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባሉ፣ ፓርላማው ያጸድቃል፣ ከፓርላማ ውጪ ያለ ሰውም መሾም ይችላል። እኔን የሚገርመኝ የጋራ ኃላፊነት የሚሉት ነገር ነው፣ ማለትም አንዴ ከተወሰነ በኋላ «እኔ እኮ ያኔም አልተዋጠልኝም ነበር» ብሎ ሹልክ ማለት የለም፣ ሁሉም ይጠየቅበታል (በወረቀት ደረጃ ማለቴ ነው)። በጀትም ቢሆን እነሱ ያዘጋጃሉ እንጂ የሚያጸድቀው ፓርላማው ነው፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንኳ ቢያውጁ ፓርላማው ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ማቅረብ አለባቸው።

የወረዳህ ካቢኔ ሥራ አስፈጻሚውና የየጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች ናቸው፣ አዋጅ ጋር አይደርሱም። መታወቂያ ለማሳደስ ደሞ የካቢኔ ውሳኔ ምን ያደርጋል? ቀጥ ብለህ የነዋሪነት አገልግሎት መስኮቱ ጋ ሂድና ባለሙያውን ጠይቅ።