እጃቸው የለመደውን ስጪያቸው

እህቴ፣ «እናቴን የመርሳት ሕመም ከያዛት ወዲህ ቴሌቪዥን ፊት ከማስቀመጥ ሌላ አብረን ምን እናድርግ?» ላልሽው፦ እጃቸው የለመደውን ሥራ ስጪያቸው። የትናንቱን ቢረሱም እጅ የለመደው ቶሎ አይጠፋም። የእኔ እናት ስሜን ትስታለች፤ ምስር በሰፌድ ሳቀርብላት ግን ጉድፉን በአውራ ጣቷ ገፋ እያደረገች ጠጠሯን ለቅማ ታወጣለች። የተለቀመውን መልሼ ብሰጣትም ቅር አይላትም (ማታለል ነው የሚሉኝ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም)። ቡና ሲቆላ እሳቱ አንቺ ዘንድ ይሁን፣ ጭሱን እሳቸው ያሽትቱ። የወጣትነታቸውን ዘፈን ወይም መዝሙር ክፈቺላቸው፤ ግጥሙን ተቀብለው ሊቀጥሉ ይችላሉ። ብቻ «እማዬ፣ ይሄ ማነው?» እያልሽ አትፈትኛቸው። ሰዓቱም ጠዋት ይሻላል፤ አመሻሽ ላይ ብዙዎቹ ይረበሻሉ። ከሰለቻቸው ወዲያው ተዪው።