የወንበሮቼ ቀለም ከእግራቸው እየተላጠ ነው፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ? ሀዋሳ ላይ ትንሽዬ ካፌ አለችኝ። በረንዳ ላይ ያሉት ወንበሮች ፓውደር ኮቲንግ (ዱቄት ቀለም ተነፍቶበት ኦቭን ውስጥ የሚበስል) የተቀቡ የቱቦላሬ ናቸው፣ አሁን ግን እግራቸው ጋ ቀለሙ እየተነሳ ከስሩ ዝገት ወጣ። አንዱ ባለሙያ በላዩ እደግመዋለሁ አለኝ፣ ሌላው ደግሞ የተበላውን በስቱኮ ሞልቼ እቀባዋለሁ አለ። የቱን ልስማ? ጥቂቶቹ አልሙኒየም ናቸው።

መልስ፦ ወንድሜ ሁለቱንም አትስማ። ዱቄቱ ብረቱ ላይ የሚለጠፈው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፣ የድሮው ቀለም ላይ ወፍራም አድርገህ ስትደግመው ቻርጁ መሄጃ ያጣና ፊቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል፣ ከስር ያለው ዝገት ደግሞ የትም አልሄደም ሥራውን ይቀጥላል። ስቱኮውም ያው ነው፣ ያ የመኪና ቦዲ የሚሞላበት ማለቴ ነው፣ ፓውደር የሚበስለው 180 እስከ 200 ዲግሪ አካባቢ ኦቭን ውስጥ ስለሆነ እዛ ሲገባ ያብጣል ወይ ይሰነጠቃል። ሙቀት የሚችል የብረት ብናኝ ያለበት ሙሊት አለ፣ እሱም ቢሆን ለጭረትና ለትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ እንጂ ሰው ለሚሸከም እግር አይደለም።

እስቲ አንዱን ወንበር ገልብጠህ እየው። የጎማ ጫማው ወልቆ ከሆነ ወለል በተወለወለ ቁጥር ውሃ ቱቦላሬው ውስጥ ይገባል፣ ዝገቱም ከውስጥ ወደ ውጪ ነው የሚበላው። በካቻቢቴ ጫፍ ጫን በለው፣ ከሰረገደ ወይ ከበሳ ቆርጠህ በአዲስ አስበይድ። ብየዳ የሚያርፍበትን ቦታ ቀለም ግን አስቀድመው ያንሱት፣ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ለበያጁ መርዝ ነው። የእግሩን ጫፍ በላሜራ እዘጋለሁ ካልክም ትንሽ ቀዳዳ ይተዉ፣ ውስጥ የቀረ ውሃ ኦቭን ውስጥ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ጉድ ነው የሚያመጣው።

ከዛ ሙሉውን ሳንድ ብላስት አስደርገው፣ ማለትም በአየር ግፊት ጠጣር ብናኝ እየተነፋበት ቀለሙና ዝገቱ ይነሳ። በግራይንደር እና በብርጭቆ ወረቀት እጨርሳለሁ የሚል ሰው መጋጠሚያዎቹ ውስጥ አይደርስም። በወንዝ አሸዋ እንነፋዋለን ካሉህ እምቢ በል፣ የሲሊካው ብናኝ ሳንባ ያበላሻል፣ ጋርኔት ወይ አልሙኒየም ኦክሳይድ የሚባለውን ለመንፊያ የሚሆን ብናኝ ይጠቀሙ። ከተነፋ በኋላ በባዶ እጅ አይነካ፣ በዛው ቀን ይቀባ፣ ክረምት ላይማ ካደረ ጠዋት ዝገት ጣል ጣል ብሎበት ታገኘዋለህ።

አልሙኒየሞቹን ለብቻ ለይተህ ላክ። ቀለሙን በኦቭን አቃጥለን እናነሳዋለን ካሉ ለብረቱ ይሆናል፣ አልሙኒየም ግን በዛ ሙቀት ጥንካሬውን ያጣል። ቀለም ማንሻ የሆነውን ኮስቲክ ሶዳ የሚባል ኬሚካል ደግሞ ጭራሽ እንዳያስጠጉት፣ እራሱን አልሙኒየሙን ይበላዋል፣ የሚወጣውም ጋዝ ሃይድሮጂን ነው፣ እሳት ይይዛል። እሱንም በሳንድ ብላስት ያንሱት፣ ግን በቀስታ፣ የአየር ግፊቱን ዝቅ አድርገው ይንፉት።