ዕቃ መጫኛው ውስጥ የሚንጠለጠለውን ቀበቶ ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰባት ሰው የምትይዝ ኤስዩቪ አለችኝ። እኛ አራት ስለሆንን ሦስተኛው ረድፍ ወንበር ሁልጊዜ እንደታጠፈ ነው፤ ቦታውን የምፈልገው ለዕቃ ነው። ያስቸገሩኝ ቀበቶዎቹ ናቸው። ዕቃ ባስገባሁ ባወጣሁ ቁጥር ከሁለቱም ጎን ይጠላለፉብኛል፤ የብረቱ ምላስ ደግሞ ኮረኮንች መንገድ ላይ ፕላስቲኩን ኳ ኳ ኳ እያደረገ ያሳብደኛል። ሁለተኛውን ረድፍ ሳጥፈውማ የመሃሉ ቀበቶ ከጣሪያው ወርዶ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ መሃል ላይ ይገተራል። ባለቤቴ «ፍታውና ገላግለን» ትለኛለች። ልፍታው ወይስ ሌላ መላ አለ?

መልስ፦ ባለቤትዎን ሰላም ይበሉልኝና፣ አይፍቱት። ይህ ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ በ1959 እ.ኤ.አ. የቮልቮው ኢንጂነር ኒልስ ቦህሊን የሠራው ነው፤ ብልሃቱ ደረትንና ዳሌን በአንድ ጊዜ ይዞ በሦስት ቦታ መታሰሩ ላይ ነው። አንዱ ብሎን ከላላ ወይም በቅጡ ሳይጠብቅ ከተመለሰ ቀሪዎቹ ሁለቱ ብቻቸውን ሰውን በቅጡ አይይዙም። አንዳንዱ መጠቅለያ፣ ማለትም ቀበቶውን ስቦ የሚጠቀልለው ክፍል፣ ውስጥ ደግሞ በግጭት ጊዜ ቀበቶውን በቅጽበት የሚስብ ትንሽ ፈንጂ አለ፤ እሱን ቤት ውስጥ መነካካት አይመከርም። ደግሞስ ድንገት እንግዳ መጥቶ አምስተኛና ስድስተኛ ሰው ሲጨመር፣ ያ ብሎን የት እንደተቀመጠ ማን ያስታውሳል?

መጀመሪያ የመኪናዋን ጎን በደንብ ይዩት። ብዙ ኤስዩቪ ላይ ከቀበቶው አጠገብ፣ የግድግዳው ፕላስቲክ ላይ፣ ትንሽ መንጠቆ ወይም የብረቱ ምላስ የሚገባበት ጠባብ ቀዳዳ አለ። ሰው መኪናውን ዓመታት ነድቶም ላያየው ይችላል። ምላሱ እዚያ ከተሰካ ጥልፍልፉም ኳኳታውም አንድ ላይ ያበቃል። ካጡት የመመሪያ መጽሐፉን «ወንበር ማጠፍ» የሚለው ክፍል ላይ ይክፈቱት፣ ካለ እዚያ ሥዕሉ ይገኛል።

የመሃሉ ቀበቶ ይበልጥ ቀላል ነው። ከጣሪያ የሚወርድ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ታች ላይ የሚቆለፈው በሁለት ምላስ ነው፤ አንዱ ሁላችንም የምናውቀው፣ ሌላው ትንሽ ሆኖ ቀጭን ስንጥቅ ያለበት መቆለፊያ ውስጥ የተሰካ። ስንጥቁ ውስጥ የሌላውን ምላስ ጫፍ ወይም የመኪናውን ቁልፍ ሲጫኑበት ይለቃል። ከዚያ ቀበቶው ወደ ጣሪያው ይጠቀለላል፣ ምላሶቹም እዚያው ማስቀመጫቸው ውስጥ ይገባሉ። በእጅዎ እየያዙ ይሸኙት እንጂ አይልቀቁት፤ ብረቱ ተወርውሮ መስታወት ወይም ግንባር ያገኛል። ሰው የሚቀመጥበት ቀን ሲመጣ ደግሞ ሁለቱም ምላስ መሰካቱን ያረጋግጡ። ትንሿ ከተረሳች ዳሌ ላይ የሚይዝ ነገር የለም።

መንጠቆ ከሌለስ? አጭር የቬልክሮ ማሰሪያ በቂ ነው። ቀበቶውን ወደ ግድግዳው ሰብስበው ከልብስ መስቀያው ወይም ፋብሪካው ከሠራው ሌላ መያዣ ጋር ላላ አድርገው ያስሩት። ኳኳታው ብቻ ከሆነ ያስቸገረዎት አሮጌ ካልሲ ምላሱ ላይ ያጥልቁበት። አይስቁ፣ ይሠራል! መመዘኛዬ አንድ ነው፦ የሚቀመጠው ሰው በአንድ እጅ በአንድ ጊዜ የማይፈታው ማሰሪያ አይሆንም። ስለዚህ ቀበቶውን መቋጠር የለም፣ በፕላስቲክ የኬብል ማሰሪያ አንቆ መያዝም የለም፤ ጠርዙ ክሩን ይበላዋል፣ ለመፍታትም መቀስ ይጠይቃል። ምሰሶውን ወይም የጣሪያውን ጠርዝ ቦርቡሮ መንጠቆ መትከልማ ጨርሶ አይታሰብ። የመጋረጃ ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ኤርባጉ የሚዘረጋው በዚያ መስመር ነው፤ እርስዎ የተከሉት መንጠቆ ያን ጊዜ ወደ ተሳፋሪ ይወረወራል።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልንገርዎት። አንድ ጊዜ ትልልቅ ካርቶን አድርሼ ስመለስ ወንበሩን በችኮላ አቃናሁት። ጓ ሲል ሰማሁ፣ ተቆለፈ ብዬ ሄድኩ። ከሳምንታት በኋላ ቀበቶውን ልስብ ብል ወንበሩ በሚቆለፍበት ቦታ ተነክሶ ተገኘ፣ ጠርዙ ተፍቆ ክሩ ተንጨፍርሯል። ቀበቶው መቀየር ነበረበት። የባሰው ግን ወንበሩ ራሱ ለካ በቅጡ አልተቆለፈም ነበር! ሰው ተቀምጦበት ቢሆን ኖሮ፣ ወይ ከጀርባው ከባድ ዕቃ ቢኖር፣ ምን ይፈጠር እንደነበር አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ወንበር ሳቃና ቀበቶውን በአንድ እጄ ወደ ጎን ይዤ ነው፤ ከዚያ የወንበሩን ጀርባ ወደ ፊት ነቅነቅ አደርገዋለሁ። ብዙ መኪና ላይ ወንበሩ ካልተቆለፈ ቀይ ምልክት ይታያል፣ እሱንም ይዩ።

የሚንጠለጠለው ቀበቶ ግን ሁልጊዜ የቦታ ጉዳይ አይደለም፣ አንዳንዴ መጠቅለያው ደክሟል። ቀስ ብለው ሲለቁት ራሱ ካልተመለሰ የተጠማዘዘበት ቦታ ካለ ይፈልጉ፤ ከሌለ ቆሽሾ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ስበው እንዳይመለስ በልብስ መቆንጠጫ ይያዙት፣ ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይጠቡት፣ ላይኛው የሚያልፍበት ቀለበት ላይ የተጋገረውን ቆሻሻም ይጥረጉ። በደንብ ሳይደርቅ አይጠቅልሉት። በረኪና አይንካው፣ ክሩን ያዳክመዋል። ከዚህ በኋላም ካልተመለሰ ጋራዥ ያሳዩት።

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ልጄ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሲጫወት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳበው። ሲመለስ ቀጭ ቀጭ እያለ ገባ፣ ደግሜ ስስበው ግን እምቢ አለ። ተበላሸ እንዴ?

መልስ፦ አልተበላሸም፣ እህቴ። ይህ የሕፃን ወንበር አጥብቆ ለማሰር የተሠራ ቁልፍ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሲሳብ ይነሣል፣ ከዚያ ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይሄድም። ሙሉ በሙሉ ሲጠቀለል ይለቃል። እኔን ያስደነገጠኝ ልጁ እዚያ መጫወቱ ነው። ቀበቶው አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ እንዲህ ቢቆለፍ እየጠበበ ይሄዳል እንጂ አይላላም። ወዲያው መላላት ካልቻለ ቀበቶውን መቁረጥ ነው፤ ስለ ዋጋው ማሰብ የለም። ልጆች መኪና ውስጥ ለብቻቸው አይጫወቱ፣ እጃቸው የሚደርስበትን ባዶ ቀበቶም ምላሱን መቆለፊያው ውስጥ ሰክታችሁ ቆልፉት።

ጥያቄ፦ ወንበሬን ሳጥፍ ከወንበሩ ጀርባ የሚወጣው ቀበቶ አልሳብም ይላል። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ መጠቅለያው ወንበሩ ውስጥ ሲሆን እንዲህ ነው። መኪናው ሲያጋድል ወይም ድንገት ሲቆም ቀበቶውን የሚቆልፍ ትንሽ ክብደት ውስጡ አለ፤ ወንበሩ ሲተኛ መኪናው የተገለበጠ ይመስለዋል። ወንበሩን ያቃኑት፣ ይለቃል። ዕቃውን ለማሰር አስበው ከሆነ ግን ወለሉ ላይ ያሉትን ቀለበቶች ይጠቀሙ፤ ስለታም ጠርዝ ቀበቶ ላይ ማረፍ የለበትም።