አሮጌም አዲስም ፊልም ለምታዩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በፊልም ምስል ቅንብር (ኤዲቲንግ) ሙያ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ሙያውን ሊማሩ የሚመጡ ወጣቶች ዘወትር የሚያነሡልኝ አንድ ክርክር አለ። «የድሮ የሆሊውድ ፊልም ይንቀረፈፋል፤ ቀለም እንኳ የለውም» ይሉኛል። የእኔ ዕድሜ እኩዮች ደግሞ «ፊልም ድሮ ቀረ፤ የዛሬው ፍንዳታ ብቻ ነው» ይላሉ። ከሁለቱም ወገን እንዳትሰለፉ ብዬ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። ፊልም ስታዩ ዓመተ ምሕረቱን ተዉት። ሠሪው ምን ሊያሳያችሁ፣ ምን ሊደብቃችሁ እንደወሰነ ፈልጉ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1957 የወጣውን «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» ያላየ ካለ በዚህ ሳምንት ይየው። የሲድኒ ሉሜት የመጀመሪያ የሲኒማ ሥራ ነው። በአሜሪካ ሕግ ፍርድ እንዲሰጡ የተመረጡ አሥራ ሁለት ተራ ዜጎች (ጁሪ) በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ከበው፣ በሚያቃጥል የበጋ ቀን፣ አባቱን ገድሏል ተብሎ የተከሰሰ ወጣት ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ይከራከራሉ። ከመግቢያውና ከመዝጊያው ጥቂት ደቂቃዎች በስተቀር ካሜራው ከዚያ ክፍልና ከመታጠቢያ ቤቱ አይወጣም። የሚገለበጥ መኪና የለም፤ የሚተኮስ ጥይት የለም። ታዲያ ተመልካቹን ከወንበሩ ጋር ያጣበቀው ምንድን ነው?

ድርሰቱና ተዋንያኑ ትልቁን ሥራ ሠርተዋል። ነገር ግን ሉሜት ራሱ በኋላ እንዳስረዳው፣ የካሜራው አቀማመጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የታቀደ ነበር። የመጀመሪያው ሲሶ ከሰዎቹ የዓይን ከፍታ በላይ ተቀረጸ፣ መካከለኛው በዓይናቸው ትክክል፣ የመጨረሻው ከዓይናቸው በታች። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ያልነበረው ጣሪያ ክርክሩ እየከረረ ሲሄድ ከራሳቸው በላይ ብቅ ይላል። ሌንሶቹንም ቀስ በቀስ ወደ ረጃጅሞቹ ቀየራቸው፤ ረጅም ሌንስ ከጀርባ ያለውን ግድግዳ ወደ ሰውዬው ያስጠጋዋል። ክፍሉ በአንድ ስንዝር እንኳ ሳይጠብ እኛ ትንፋሽ ያጥረናል። በመጨረሻ ሰዎቹ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሲበታተኑ ካሜራው ከላይ በሰፊ ሌንስ ይመለከታቸዋል፤ ያን ጊዜ ደረታችን ይከፈታል። ፊልሙን አንድ ጊዜ ለታሪኩ እዩት። ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ጣሪያው መቼ መታየት እንደሚጀምር እየተከታተላችሁ እዩት። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ፊልም የምታዩበት ዓይን ይለወጣል።

«ይንቀረፈፋል» ለሚለው ክስ መልሴ በ1941 የወጣው «ሲቲዝን ኬን» ነው። ኦርሰን ዌልስ ፊልሙን ሲሠራ የ25 ዓመት ወጣት ነበር፤ የብዙዎቻችሁ ዕድሜ ማለት ነው። ቀናባሪው ሮበርት ዋይዝ ይባላል፤ በኋላ ራሱ ዳይሬክተር ሆኖ በ1965 «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ»ን ሠርቷል። በ«ሲቲዝን ኬን» ውስጥ አንድ የቁርስ ገበታ አለ። አዲስ ተጋቢዎች ተጠጋግተው ተቀምጠው ይደናነቃሉ። ካሜራው በፍጥነት ወደ ጎን ይወረወርና ሌላ ቀን ይሆናል፤ ልብሳቸው ተለውጧል፣ ቃላቸው አጥሯል። እንደገና ይወረወራል፤ አሁን ይነካከሳሉ። መጨረሻ ላይ በረጅም ገበታ ጫፍና ጫፍ ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ እርሱ የራሱን ጋዜጣ ያነብባል፣ እርሷ የተቀናቃኙን። የዓመታት ትዳር ሲበርድና ሲሞት በሁለት ደቂቃ ገደማ አየነው። የዛሬ ተከታታይ ድራማ ለዚህ ስንት ክፍል ይፈጅበት ነበር? ቀናባሪ ለመሆን የምታስቡ ሁሉ ይህን ትዕይንት በቃላችሁ እስክትይዙት ድረስ እዩት።

«ጆውስ» የወጣው በ1975 ነው፤ ስቲቨን ስፒልበርግ ገና 30 ዓመት አልሞላውም ነበር። ለፊልሙ የተሠራው ሜካኒካዊ ሻርክ ባሕር ውስጥ ሲገባ በየጊዜው እየተበላሸ አስቸገራቸው። ስለዚህ አውሬውን ሳያሳዩ ማስፈራት ግድ ሆነ። በውኃው ደረጃ ላይ የተቀመጠ ካሜራ፣ ወደ ታች የሚጎተት በርሜል፣ የሙዚቃ ደራሲው የጆን ዊሊያምስ ሁለት ተደጋጋሚ ኖታዎች፣ በላያቸው የቬርና ፊልድስ የምስል ቅንብር፤ በዚህም ኦስካር ወስዳለች። ችግር ሁልጊዜ ጥበብ ይወልዳል ማለቴ አይደለም። ችግር ብዙ ፊልም ገድሏል። ያንን ፊልም ያዳኑት ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ወደ አዲሶቹ ልምጣ፤ እኩዮቼ እዚህ ላይ ነው የሚኮንኑኝ። በ2015 የወጣው «ማድ ማክስ፦ ፊዩሪ ሮድ» ከቀደሙት ታላላቅ ሥራዎች ጎን የሚቆም ፊልም ነው። የአውስትራሊያው ጆርጅ ሚለር አብዛኛውን በናሚቢያ በረሃ፣ በእውነተኛ መኪናዎችና በእውነተኛ ሰዎች ቀረጸው። ቀናባሪዋ ማርጋሬት ሲክሰል ከዚያ በፊት የድርጊት ፊልም ቀናብራ አታውቅም። 480 ሰዓት ያህል ቀረጻ ተቀብላ ሁለት ሰዓት አደረገችው። ወደ 2,700 የሚጠጋ ቁርጥ፣ ማለትም ከአንድ ምስል ወደ ሌላው መሻገሪያ፣ አለው፤ ግን አንድም ጊዜ አትደናገሩም፤ ማን ከማን ጋር እንደሚሮጥ፣ ማን ወዴት እንደወደቀ ታውቃላችሁ። ምክንያቱም ዋናው ነገር በየቁርጡ ከምስሉ መካከል ላይ እንዲሆን ተደርጎ ስለተቀረጸ ዓይን ፍለጋ አይሄድም። አሁን ይህን በየዓመቱ ከሚፈሉት የልዕለ ጀግና ፊልሞች ከብዙዎቹ ጋር አነጻጽሩ። ጠቡ በጨለማ ይካሄዳል፣ ቡጢው ሳያርፍ ይቆረጣል፣ ካሜራው ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለው ፍጥነት የጠቡን ድክመት መሸፈኛ ነው፤ ይህን የምለው የዕድሜ ልክ ሥራዬ ቁርጥ ስለሆነ ነው።

«ታዲያ የድሮዎቹ ለምን ሁሉም ግሩም ናቸው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደሉም። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች በየዓመቱ ፊልም በገፍ ያመርቱ ነበር፤ አብዛኛው ተረስቷል። ጊዜ ወንፊት ነውና እኛ ዘንድ የደረሰው የቀረው ብቻ ነው። የንግዱም ነገር ያኔም ጨካኝ ነበር። ተዋንያኑ በረጅም ውል የታሰሩ ነበሩ። ስቱዲዮዎቹ ሲኒማ ቤቶቹንም ጭምር ይዘው ስለነበር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 ነው እንዲለያዩ ያስገደዳቸው። ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የተሠራበት የሥነ ምግባር ደንብ ደግሞ በ1968 በዕድሜ ደረጃ ምደባ እስኪተካ ድረስ ደራሲዎችን አንቆ ይዟል። ዛሬ ቁጥር ሁለት፣ ቁጥር ሦስት እያሉ የሚያስወጡት ነጋዴዎች ትናንት የነበሩት ነጋዴዎች ልጆች ናቸው።

ስትወዱትም ዓይናችሁን ገልጣችሁ ውደዱት። ሃቲ ማክዳኒኤል በ«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ውስጥ ባሳየችው ትወና በ1940 ኦስካር የተቀበለች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ናት። በዚያች ምሽት ግን ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር እንድትቀመጥ አልተፈቀደላትም፤ ሆቴሉ ጥቁሮችን ስለማያስተናግድ ከዳር ባለ ሌላ ጠረጴዛ ተቀምጣ ነው ስሟ የተጠራው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያንን ፊልም እንደ በፊቱ ማየት አልቻልኩም፤ እንዲቻለኝም አልፈልግም። ጥቁሩ ተዋናይ ሲድኒ ፖይቲየር የዋና ተዋናይነቱን ኦስካር የወሰደው በ1964 ነው፤ በመካከሉ ሃያ አራት ዓመት አለ። የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ በ1993 ስለ ባርነት «ሳንኮፋ»ን ሲሠራ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልቀበለው ስላሉ ከባለቤቱ ጋር ሲኒማ ቤት እየተከራየ ራሱ አሳየው፤ ሕዝቡም ተሰልፎ አየለት። በ2021 ኦስካርን የሚሰጠው የዚያው የሆሊውድ አካዳሚ ሙዚየም ሸለመው። ሽልማቱ አስደስቶኛል፤ የዘገየበት ዘመን ግን ያንገበግበኛል።

ስለዚህም ነው በ2016 የወጣውን የባሪ ጄንኪንስ «ሙንላይት» የማስመለክታችሁ። አንድን ሰው በልጅነቱ፣ በጉርምስናውና በጎልማሳነቱ ሦስት የተለያዩ ተዋንያን ይጫወቱታል። ጄንኪንስ ሦስቱ በቀረጻው ወቅት እንዳይገናኙና አንዱ የሌላውን እንዳይኮርጅ አደረገ። መልካቸው አይመሳሰልም፤ የሚያገናኛቸው ዓይናቸው ነው። በትንሽ ገንዘብ ተሠርቶ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሏል።

አሁን ፊልም ስለምታዩበት መንገድ። ብዙዎቻችሁ ፊልም የምታዩት በስልክ፣ ያውም በላዩ ላይ በሚተረክ ትርጉም ነው። ተርጓሚዎቹን አልነቅፍም፤ እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው በር ከፍተዋል። ነገር ግን የተራኪው ድምፅ የተዋናዩን ድምፅ፣ ሙዚቃውንና ዝምታውን አብሮ ይሸፍነዋል። ድምፅ የፊልም ግማሽ ነው። ከቻላችሁ በጽሑፍ ትርጉም እዩ፤ ቋንቋውም ይጠቅማችኋል። ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን ፊልም በአሥር ደቂቃ የሚያጠቃልሉትን ቪዲዮዎች ግን ተዉ። በእነርሱ ታሪኩን ትሰማላችሁ፤ ፊልሙን ግን አላያችሁትም። የቁርሱ ገበታ በማጠቃለያ ቢነገር «ከጊዜ በኋላ ተለያዩ» ነው የሚባለው።

ከጓደኞቻችሁ ጋር ሰብሰብ ብላችሁ በትልቅ ስክሪን እዩ፤ ስልኩን ከክፍሉ አውጡት። አንድ ከ1960 በፊት የተሠራ፣ አንድ የዚህን ዘመን እያፈራረቃችሁ እዩ። ከዚያ ተከራከሩ። አንዱ «ፊልሙ አልተመቸኝም» ካለ የትኛው ትዕይንት ላይ እንደሆነ ጠይቁት፤ ወደ ኋላ መልሳችሁ አብራችሁ እዩት፤ ካሜራው የት እንደቆመና ቁርጡ የት ላይ እንዳረፈ ያሳያችሁ።