የወረሳችሁትን ጠመንጃ ጥይት ከማጉረሳችሁ በፊት

አንድ ወጣት ጻፈልኝ። ከአያቱ የአደን ጠመንጃ ወርሷል። ዋይልድካት የሚባለው ነው፤ ጥይቱ ከፋብሪካ አይወጣም። አንድ ሠሪ የታወቀ ቀለህ ወስዶ፣ አንገቱን አጥብቦ ወይም ትከሻውን ገፍቶ የፈጠረው ነው። ጥያቄው አጭር ነበር፦ «ስንት ግሬን ባሩድ ልጨምርበት?» ግሬን ባሩድ የሚመዘንበት ልክ ነው። የዛሬ ልጆች ቁጥር ትወዳላችሁ።

ቁጥሩን አልሰጠሁትም። ጥያቄው ግን አንድ የማውቃቸውን ሽማግሌ አስታወሰኝ። ጥይታቸውን ራሳቸው ነበር የሚሞሉት። ባሩድ ሲመዝኑ ሬዲዮ ያጠፋሉ፣ ወሬም ያቆማሉ። አጠገባቸው ቆሜ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ ለምን እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ ግን አልጠየቅኳቸውም። ካረፉ በኋላ ልጃቸው ጠመንጃውን ይዞልኝ መጣ። አብረውት አሮጌ ቀለሆችና የተሞሉ ጥይቶች ያሉበት ካርቶን አለ። ካርቶኑ ላይ በእጃቸው «እንደ ድሮው» ብለው ጽፈዋል። በቃ። የባሩዱ ስም የለም፣ መጠኑ የለም። ድሮ ምን እንደነበረ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ልጅየው ቸኩሏል። አዲስ ቀለህ ገዝቷል፣ የአደኑ ወቅትም ደርሷል። «በርሜሉ ላይ 25-06 ተብሎ ተጽፏል እኮ ጋሼ!» አለኝ። 25-06 የጥይት ዓይነት ነው፤ 30-06 የሚባለው ጥይት ቀለህ አንገቱ ጠቦ የመጣ ነው። ሬሚንግተን የተባለው ኩባንያ የፋብሪካ ጥይት ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ከዚያ በፊት ለአሥርት ዓመታት ዋይልድካት ነበር፤ ልኩም ከሠሪ ሠሪ ይለያይ ነበር። የአባቱ ጠመንጃ ደግሞ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።

ሴሮሴፍ የሚባለውን ቅይጥ ብረት አቀለጥኩ። ከ90 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ስለሚቀልጥ ብዙ እሳት አይፈልግም። ጥይቱ የሚያርፍበት ክፍል ውስጥ አፍስሼ ቅርጹን አወጣሁ። ወዲያው አይለካም። መጀመሪያ ይኮማተራል፣ ከዚያ መልሶ ይሰፋል፤ ከክፍሉ ልክ ጋር የሚገጥመው ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ልጁ ያቺን ሰዓት ስልኩን ሲከፍትና ሲዘጋ ጨረሳት።

ስንለካው የአንገቱ ቦታ ከተለመደው ጠባብ ሆኖ ተገኘ። የአባቱን ቀለሆች ለካን፤ አንገታቸው በሙሉ ተፍቆ ሳስቷል። አዲሶቹ ግን ወፍራም ናቸው። ጥይት ሲተኮስ የቀለሁ አንገት ሰፋ ብሎ አረሩን መልቀቅ አለበት። የሚሰፋበት ቦታ ካጣ አረሩ ታንቆ ይያዛል፣ ግፊቱም ያሻቅባል። መቀርቀሪያው ደግሞ ያለው ፊታችሁ አጠገብ ነው። ካርቶኑ ያልነገረንን አሮጌዎቹ ቀለሆች ነገሩን። እነሱን ሊጥላቸው ነበር።

የተሞሉትን ጥይቶች ፈታናቸው። ባሩድ በመልክ አይለይም፤ አይቼ አውቃለሁ የሚላችሁን አትመኑ።

መነጽር አድርጉ፣ ባሩድ አጠገብ ሲጋራ አታጭሱ ብዬ አልነግራችሁም። ከትንሽ መጠን ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ እንደምትጨምሩም ታውቃላችሁ። ትንሽ ማለት ግን የፈለጋችሁትን ያህል ማሳነስ አይደለም። ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ከተቀመጠለት መነሻ በጣም ሲያንስ እሱም አደጋ አለው። የድሮ ሰዎች የጻፉትንም መጠን ተጠራጠሩ። ብዙዎቹ የግፊት መለኪያ አልነበራቸውም። ካፕሱሉ፣ ማለትም ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለው መለኮሻ፣ ተጨፈለቀ ወይ፣ መቀርቀሪያው ከበደ ወይ እያሉ ይገምቱ ነበር። እነዚህ ምልክቶች ብዙ ጊዜ የሚታዩት ግፊቱ ከልክ ካለፈ በኋላ ነው። ኮምፒውተር የሚያሰላውንም አልወደውም። እውነቱን ለመናገር ግን እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ልኩን ራሴ ለክቼ ካስገባሁ በኋላ።

በርሜሉን ቀይሩና የፋብሪካ ጥይት ይጉረስ የሚሏችሁ ይኖራሉ። እኔ አይዋጥልኝም፤ የአያትን ሥራ አውጥቶ እንደ መጣል ነው። የአጎቴን ጠመንጃ በርሜል ግን አስቀይሬዋለሁ። ግሩም አድርጎ ይመታል።