ከነፍሬሙ የመጣ ፎቶ

ልጆች፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በፎቶ ቤት ነው። ዛሬ ካሜራ የሌለበት ኪስ ስለሌለ፣ እኔ ያፈርኩበትን ልንገራችሁና እናንተ አትፈሩበት።

ገና ጀማሪ ሳለሁ አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ፎቶ ከነፍሬሙ ይዘው መጡ። «ሙት ዓመቱ ደርሷልና አሳድግልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ወረቀቱ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። እንዳይቀደድብኝ ፈርቼ ባለበት አነሳሁት። አጥቤ ሳትመው የሟቹ ጥቁር ኮት ላይ የእኔ ነጭ ሸሚዝ ከነአንገትጌው ቁጭ ብሏል፤ ግንባራቸው ላይ ደግሞ ፍላሹ ነጭ ክብ ሠርቷል።

መስታወቱን ወለወልኩት። እንደገና አነሳሁ፤ ሸሚዙ እዚያው ነው። ለካ ነገሩ የቆሻሻ አልነበረም።

የመስኮት መስታወት ፊት ለፊት ከሚያርፍበት ብርሃን በየገጹ 4 በመቶ ያህል ይመልሳል፤ ሁለት ገጽ አለውና 8 በመቶ ገደማ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል። ግን አስሉት፦ ነጭ ሸሚዝ ካረፈበት ብርሃን 80 በመቶውን ቢመልስ፣ የዚያ 8 በመቶ ከ6 ይበልጣል። ፎቶው ላይ ያለው ጥቁር ኮት የሚመልሰው 5 ቢሆን ነው። ሸሚዜ ኮቱን አሸነፈው ማለት ነው። ማታ መብራት አብርታችሁ በመስኮት ወደ ውጭ ስታዩ ራሳችሁን የምታዩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያ 8 በመቶ ቀንም ነበረ፣ የውጭው ብርሃን ዋጠው እንጂ።

እና ምን ይደረጋል? ጥቁር ጨርቅ ላይ ሌንሱን ያህል ቀዳዳ አውጥታችሁ ከፊታችሁ ጋርዱ። መብራቱን ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ አዙሩት። ብርሃን በመጣበት ማዕዘን ልክ በሌላው ወገን ስለሚመለስ ነጸብራቁ በጎን ያልፋችኋል። ፖላራይዝድ (ነጸብራቅ የሚያጣራ) የፀሐይ መነጽር ሌንሱ ፊት ይዞ ማዞርም የሱቅ መስኮትና የሐይቅ ውሃ ላይ ይሠራል፤ ግን ሰያፍ ቆማችሁ ነው፣ ፊት ለፊት ከሆናችሁ ምንም አይፈይድም። (ስትገዙ የስልካችሁ ስክሪን ፊት አዙሩት። ስክሪኑ በአንድ በኩል ከጨለመ ፖላራይዝድ ነው፤ ካልጨለመ ተጠራጠሩ፣ ሻጩ ምንም ቢምል።)

የፊት መስታወት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከመስታወቱ 1 ሜትር ርቃችሁ ራሳችሁን ስታነሱ ምስላችሁ ያለው 2 ሜትር ላይ ነው፤ ብርሃኑ ሄዶ የሚመለሰውን መንገድ ቁጠሩት። ስልኩ መስታወቱ ላይ የደረቀች የጥርስ ሳሙና ጠብታ ካገኘ እሷን ጥርት አድርጎ እናንተን ያደበዝዛል። ስክሪኑ ላይ ፊታችሁን ንኩት፣ ያስተካክለዋል።

ለእኚያ እናት ሥራውን ያስረከብኩት በሦስተኛው ቀን ነው፣ ከጎረቤት ልብስ ሰፊ በተዋስኩት ጥቁር ገበርዲን ተጋርጄ አንስቼ። የመጀመሪያውን አላሳየኋቸውም። ኔጋቲቩ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ እኔና ባለቤታቸው አንድ ኮት ለብሰን።