ለስደተኛ እናቶች ስለ ምግብ ንጽህና ስታስተምሪ ከዶሮው ሳፋ ጀምሪ

እህቴ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ለኤርትራ፣ ለየመንና ለደቡብ ሱዳን ስደተኛ እናቶች የ2 ሰዓት የምግብ ንጽህና ትምህርት ልትሰጪ እንደሆነ ጽፈሻል። የተሰጠሽ ጽሑፍ «ዶሮ አትጠቡ፣ የተረፈ ምግብ ፍሪጅ አስገቡ» ስለሚል ተቸግረሻል፤ ብትቸገሪም አይፈረድብሽም። ከሰል ላይ የምታበስል፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣላት እናት ፍሪጅ ሲባል ገና ከመጀመሪያው «ይሄ ለኔ አይደለም» ትላለች።

ዶሮውን እንይ። ለአስመራ እናት ዶሮ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ሳይታጠብ ድስት አይገባም። አትጠቢ ካልሻት ዝም ብላ ሰምታሽ ቤቷ ሄዳ ታጥባለች። ጉዳቱ የሚመጣው በፍንጣቂው ነው፤ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉት ተህዋሲያን ከውሃው ጋር እየተረጩ አጠገብ ያለ ሰላጣና ብርጭቆ ላይ ያርፋሉ። ሎሚና ጨው አያጠፏቸውም፤ የሚያጠፋቸው እሳቱ ነው። ስለዚህ ማጠቡን መከልከል ትተሽ አስተጣጠቡን አስተካክዪ። ቧንቧ ስር ሳይሆን ጥልቅ ሳፋ ውስጥ ይሁን፤ ውሃው ቀድሞ ይሞላ፣ ዶሮው ቀስ ተብሎ ይግባ። ሰላጣው፣ እንጀራውና የታጠበው ዕቃ አስቀድሞ ከአካባቢው ይነሳ። እጣቢው ሳይረጭ ዝቅ ተደርጎ ፍሳሽ ውስጥ ይደፋ። ከዚያ ሳፋው፣ ቢላውና መክተፊያው መጀመሪያ በሳሙና ይታጠቡ፤ ቀጥሎ በ4 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና ተበጥብጦ ጥቂት ደቂቃ ይቆዩበት። ቅባቱና ደሙ ሳይለቅ በረኪና ቢፈስበት ጉልበቱ እዚያው ያልቃል። እጅም በመጨረሻ በሳሙና፣ ቢያንስ 20 ሰከንድ።

ለየመን እናቶች ዋናው ሩዝ ነው። ባሲለስ ሴሬየስ የሚባለው ተህዋስ ዘሩ መቀቀልን ይቋቋማል፤ የምሳው ሩዝ ለብ ብሎ እስከ እራት ከቆየ ይራባል። የሚተወው መርዝ ደግሞ ሩዙ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም። «ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ ድፉት» ማለት ለተቸገረ ቤት ከባድ ቃል ነው። ይልቅ ከመቀቀሉ በፊት ሩዙን ለአንድ ማዕድ በሚበቃ ስኒ እንድትለካ፣ የሚቆይ ካለም ፍም ላይ እንፋሎቱ እየወጣ እንዲቆይ አሳዪያት።

ለደቡብ ሱዳን እናቶች ኦቾሎኒ አምጪ። የሻገተው፣ የተጨማደደውና የጠቆረው ሳይቆላ ተለቅሞ ይጣል፤ ሻጋታው የሚያመጣውን አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ መቁላት አያስወግደውም። ስለዚህ ተፈጭቶ ከሚሸጠው ይልቅ ፍሬውን ገዝቶ መልቀም ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከፍታውን ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ምግቡም ቀስ ብሎ ይበስላል። የአስመራ ሴት ይህን ለምዳዋለች፤ ከቆላው ከምጽዋ፣ ከየመኗ ሁደይዳ ወይም ከደቡብ ሱዳኗ ጁባ የመጣችው ግን ዶሮውን በለመደችው ሰዓት ብታወጣው ሥጋው አጥንቱ ጋ ጥሬ ሊሆን ይችላል። ሰዓት ከመቁጠር አጥንቱ ድረስ ቆርጣ ትየው። የመጠጥ ውሃም ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ለእጅ መታጠብ ንግግር አታብዢ። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ከቁንጥር ቀረፋ ጋር እጃቸውን ቀቢና መጀመሪያ በውሃ ብቻ፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ፤ ጥፍር ስር የቀረውን ራሳቸው ያዩታል። ቧንቧ ለሌላት የሀይላንድ ጠርሙስ ክዳን በጋለ ሚስማር በስታችሁ ስጧት፤ ተዘቅዝቆ ሲንጠለጠል በትንሽ ውሃ ያስታጥባል።

አስተርጓሚ ላይ አትቆጥቢ። የጁባ አረብኛና የየመን አረብኛ ስለሚለያዩ ሁለት ሰው ያስፈልግሻል፤ የየመን እናቶች አስተርጓሚዋ ሴት ስትሆን በነፃነት ይጠይቃሉ። ረቡዕና ዓርብ ለጿሚዎቹ ሥጋ አታቅርቢ፤ የጁምዓን ሰዓትም ጠብቂ። «ገባችሁ?» ካልሽ ሁሉም አዎ ስለሚሉ፣ አንዷ ተነስታ ሳፋውን ይዛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትሥራው፣ ሌሎቹ ያርሟት። ጊዜ ካጠረሽ ሩዙንና ኦቾሎኒውን ለሌላ ቀን አቆዪ፤ ይህን የሳፋውን ልምምድ ግን አትቁረጪው።